የሣሩ ጠርዝ

"እናትሽ ዓይናቸው ደህና ነው?" አለ አትክልተኛው፣ የመጨረሻዋን የሣር ቁራጭ በአካፋው ጫፍ ገልብጦ እየጣለ።

ፀጉር ሠሪዋ የችግኝ ፌስታል በሁለት እጇ አንጠልጥላ ከበሩ መግባቷ ነበር። ጥያቄው ቅር አሰኛት። ሰውየው ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ሥራውን እንደሆነ አንጀት በሚያርስ ሁኔታ ሠርቷል፤ አፉ ግን አያርፍም። ስለ ጎረቤት ውሻ፣ ስለ ውሃ መሥሪያ ቤት፣ ስለ ሁለተኛ ሚስቱ ጠባይ ሳትጠይቀው ነግሯታል።

"ከኔም ከእርስዎም ይሻላል" አለችው። "ቤት ውስጥ ተቀምጣ ከበር የሚገባው ማን እንደሆነ በኮቴው ትለያለች።"

"እሱ ጆሮ ነው። እኔ የጠየቅሁሽ ዓይን ነው።"

"ምን አዩና ነው?"

አትክልተኛው አካፋውን አፈሩ ውስጥ ተከለና በጉልበቱ ተንበረከከ። "እስቲ ነይ እይው። ይሄ የስሚንቶ መሄጃ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያሳልፋል። ሰው በመሃሉ ነበር መሄድ ያለበት። መሃሉ ግን ምንም አልሆነ። የተበላው ጠርዙ ነው። ሣሩንም ስነቅል አይቼዋለሁ፤ ከስሚንቶው ጥግ አንድ ጫማ የምታህለዋ ብቻ ከበር እስከ መጸዳጃ ቤት ድረስ ተረግጣ ተረግጣ አልቃለች። አንድ ሰው አንድ እግሩን ስሚንቶ ላይ፣ አንዱን ሣር ላይ እያደረገ ሲመላለስ ከርሟል። ለምን?"

"ጉልበቷን ስለሚያማት ነው። ሣሩ ይለሰልሰኛል ትላለች።"

"ጉልበቱን የሚያመው ሁለቱንም እግሩን ነዋ ሣር ላይ የሚያደርገው!" ተነሥቶ ወደ ግቢው ጫፍ ጠቆመ። የልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ፣ ልክ በመጸዳጃ ቤቱ በር ትይዩ፣ አንዲት ብጣሽ ጨርቅ ተቋጥራ በሰው ፊት ከፍታ ላይ ተንጠልጥላለች። "ይቺስ? ልፈታት ስል ቋጠሮዋ አስቸገረኝ። ሆን ተብላ ነው የታሰረችው። አባቴ በመጨረሻ ዘመኑ እንደዚሁ እያደረገ ስድስት ወር ሙሉ አታሎናል። ማየት አቁሞ ነበር።"

ፀጉር ሠሪዋ ክው አለች። ፌስታሎቹን መሬት ላይ አስቀመጠቻቸው።

ግቢው ስሙ ነው እንጂ ግቢ፣ መተላለፊያ ነው። ወርዱ ሦስት ሜትር ቢሞላ ነው። በአንድ በኩል የቤቱ ግድግዳ፣ በሌላው የጎረቤት አጥር፣ ጫፉ ላይ መጸዳጃ ቤትና ቧንቧ። ስሚንቶው ከግድግዳው ሥር ይሄዳል፤ ከሱ ወዲያ እስከ አጥሩ ሣር ነበር። ሣር ነው ወይስ ጡት የሚጠባ ልጅ? ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር፣ ቀን ሙሉ የሰው ፀጉር ስታጥብ ትውልና ስትገባ ደግሞ ጀሪካን ተሸክማ ሣር ታጠጣለች። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። በዚያ ላይ ዘንድሮ ውሃ መሥሪያ ቤቱ ሣር በጎማ ያጠጣ ይቀጣል የሚል ወረቀት ለጠፈ። "እማ፣ እንንቀለውና ውሃ የማይፈልግ አበባ እንትከልበት" ባለች ቁጥር ግን እናቷ ታኮርፋለች። የዕቃ እጣቢ እያጠራቀመች ታጠጣዋለች። አበባ የምትወድ ሴት ለሣር እንዲህ ስትሞት! እርጅና ግትር ያደርጋል ብላ ተወችው። እናቷ ታላቅ ልጇ ዘንድ ሁለት ሳምንት ልትቆይ ስትሄድ ግን፣ አሁን ነው ጊዜው አለች። ስትመለስ በአበባ ላስደንቃት ብላ አትክልተኛ ጠራች።

ይኸው አስደናቂው ነገር። ሣሩን ትናንት አንድ ከብት አደላቢ በጋሪ ጭኖ ወስዶታል፤ እስካሁን ላሞች በልተውት አድረዋል። ከስሚንቶው ጠርዝ ወዲያ መሬቱ ለጠጠር ተብሎ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ተቆፍሯል። ከበሩ በኩል ያለው ግማሹ፣ ከመጸዳጃ ቤቱም አጠገብ ቢጫ አበባ፣ ተተክሏል፤ ከፊት ለፊት፣ ልክ እግር በሚያርፍበት፣ ባለ እሾህ እሬት ተደርድሯል።

ዛሬ ደግሞ አሥር ሰዓት ላይ ወንድሟ እናቷን ይዞ ይመጣል። ባለፈው ረቡዕ ስልክ ደውሎ ያላት ቃል በቃል ትዝ አላት። "ሚጣ፣ እማ ልክ አይደለችም። ከመጣች ጀምሮ ከወንበር አልተነሣችም። እግሯ ይሁን ዓይኗ እንጃ። አንቺ ቀን ሙሉ ሥራ ነሽ፤ ብቻዋን ወድቃ ብትገኝስ? እኔ ክፍል አዘጋጅቻለሁ። ቅዳሜ ሳመጣት ከበር እስከ መጸዳጃ ቤት ማንም ሳይይዛት ስትሄድ ካላየሁ፣ ዕቃዋን ይዤ እመልሳታለሁ።" እሷም ኮራ ብላ "ና እና እይ! በገዛ ግቢዋ እኮ እንደ ወጣት ነው የምትራመደው" ብላው ነበር። ወይ ጣጣ!

ስልኳን አውጥታ ደወለች። እናቷ አነሣች።

"እማ፣ ሣሩን ነቅለነዋል።"

ከወዲያ በኩል ወንድሟ ሻንጣ ሲዘጋና "ማነው?" ሲል ይሰማል።

"ሁሉንም?" አለች እናቷ።

"ሁሉንም።"

"ጠርዙንም?"

"ጠርዙንም፣ እማ።"

"ደግ አደረግሽ፣ የኔ እናት" አለች እናቷ ለወንድሟ በሚሰማ ድምፅ። ቀጥሎ "ዕቃውን መኪና ላይ ጫን አንተ፣ እኔ እሷን ላናግራት" ስትል፣ በር ሲዘጋ፣ ከዚያ ትንፋሿ ስልኩ ላይ ሲጠጋ ተሰማ። "ምነው ልጄ? ምነው ሳትነግሪኝ?"

"አንቺስ? ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ግራው ሦስት ዓመቱ። ቀኙ ካለፈው ክረምት ወዲህ። ብርሃንና ጥላ እለያለሁ፤ ለኔ ይበቃኛል።"

"እንዴት ትደብቂኛለሽ?"

"ብነግርሽ ለሱ ትነግሪዋለሽ። እሱ ደግሞ ወስዶ ለሐኪም ይሰጠኛል። እህቴን ረሳሻት? የቀራትን ጭላንጭል ይዛ በእግሯ ገብታ፣ እሱንም አጥፍተውባት በሰው ትከሻ ነው የወጣችው። እዚህም አራተኛ ፎቅ ላይ እንደ ዕቃ ተቀምጫለሁ፤ ብነሣ ምን እንደምመታ አላውቅም። ልጄ፣ እዚህ ከምኖርስ ሞቴን እመርጣለሁ። ማይልኝ፣ አልነግረውም በይ።"

"እምልልሻለሁ። አልነግረውም።"

እናቷ ጠየቀች። "ምን ተከላችሁበት?"

"እሬት፣ ላቬንደር። ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ደግሞ ቢጫ አበባ።"

"ቢጫ" አለች እናቷ፣ ፈተና እንዳለበት ተማሪ። "ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ቢጫ።" ስልኩ ተዘጋ።

ፀጉር ሠሪዋ ስሚንቶው ላይ ቁጭ አለች። በየሳምንቱ የእናቷን ፀጉር ታጥባለች፣ ታበጥራለች፣ ትሠራለች፤ ሁልጊዜ ግን ከኋላዋ ቆማ ነው። አንድ ቀን ዞር ብላ ዓይኗን አይታ አታውቅም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ? አብረው እየኖሩ እናቷ ግድግዳ እየዳሰሰች ስትኖር እሷ ስለ ውሃ ትነዘንዛት ነበር። ራሷን ጠላች። እንባዋ መጣ፤ ግን ጊዜ አልነበረም። ሰዓቱ ስድስት ሊሆን ነው።

"ሣር ከየት እናምጣ፣ ጋሼ?"

"ዛሬ ሣር? ብናመጣስ ሳይዝ እንዴት ይረገጣል? እንደ ምንጣፍ ነው የሚንሸራተትባቸው።" አትክልተኛው አገጩን አከከ። "ላቬንደሩን በየሁለት ሜትሩ ብናደርገው፣ በመዓዛው…"

"እናቴን እንደ ውሻ እያሸተትሽ ሂጂ ልበላት?"

"አልኩ እንጂ መቼ አደረግሁት!" አለና ከበሩ ውጭ የተቆለለውን ጠጠር አየ። ለአበቦቹ ሥር፣ አፈሩን ፀሐይ እንዳያደርቀው ተብሎ የመጣ ነው። ረጅም ጊዜ አየው። "ጠጠር ከስሚንቶ ይለያል። ለእግርም ለጆሮም። ከስሚንቶው ጋር እኩል አድርገን ከሞላነው መውደቂያ የለውም፤ እግራቸው መስመሩን ያገኘዋል። እሬቱን ግን ነቅለን ወደ አጥሩ ማስጠጋት አለብን።"

"ለአሥር ሰዓት ይደርሳል?"

"እያወራን ከሆነ አይደርስም።" ይህን ያለው እሱ ነው እንግዲህ፣ ከትናንት ጀምሮ አፉ ያላረፈው።

እሬቱን አንድ በአንድ ነቀሉት። እሾሁ ክንዷን ቧጠጣት፤ ልብም አላለችው። ከፀጉር ቤቱ ሁለት ጊዜ ተደወለ፤ ደንበኛ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጣ እየጠበቀቻት ነበር። "ዛሬ አልመጣም፣ ሌላ ሰው ይሥራት" ብላ ዘጋችው። እሱ በእጅ ጋሪ ጠጠር እያመጣ ያፈሳል፤ እሷ በእጇ ትደለድላለች፣ ከስሚንቶው ጋር እኩል መሆኑን በመዳፏ ትፈትሻለች። ዓይኗን ጨፍና በባዶ እግሯ ሞከረችው። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ጠጠሩ ሰመጠና ተንገዳገደች፤ አትክልተኛው ያንን ቦታ እንደገና ሞልቶ ረገጠው። ደግማ ሞከረች፤ ያዘ። ጨለማው ውስጥ ሆና አንድ ሜትር እንዴት እንደሚረዝም ያን ቀን ነው የገባት። ወገቧ ተቆረጠ። ስምንት ሰዓት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ። ፀሐይዋ ከቤቱ ጣሪያ ጀርባ ዞረችና ግቢው ላይ ጥላ ወደቀበት።

አራት እርምጃ ሲቀራቸው መኪና ከበሩ ላይ ጥሩምባ ነፋ። ገና ዘጠኝ ተኩል ነው።

"መጡ" አለች።

"አንቺ ወደ በሩ ሂጂ" አለ አትክልተኛው። "እኔ እዚህ ጫፍ ላይ እሠራለሁ። ድምፅ አሰማለሁ።"

ወንድሟ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ሲቆጣ የሚያለቅስ ዓይነት ሰው። እናቷን ክንዷን ይዞ አስገባት። ግቢውን ሲያይ ቅንድቡ ተነሣ። "ይሄ ምንድን ነው? በሽተኛ ይዤ ብመጣ ግቢውን አርሳችሁ ጠበቃችሁኝ?"

"በሽተኛ ያልከው ማንን ነው?" አለች እናቷና ክንዷን አስለቀቀች።

ፀጉር ሠሪዋ ልትይዛት ወደ ፊት ስትል ወንድሟ እጁን ዘርግቶ አስቆማት። "አትያዣት። ብቻዋን ትሂድ። ቃላችን እንደዚያ ነው።"

"ምነው፣ ሙሽራ መሰልኩ እንዴ ቆማችሁ የምታዩኝ?" አለች እናቷ። "ይሄ ጫማ ደግሞ እግሬን በላው።" አውልቃ ግድግዳው ሥር አስቀመጠችው። ቀኝ እጇን ግድግዳው ላይ ለአፍታ አሳረፈችና አነሣች። ግራ እግሯን ወደ ጎን አስጠጋች። ጠጠሩ ኮሽ አለ።

እናቷ ቆመች። ፊቷ ላይ ምንም አልታየም፤ የጣቶቿን ጫፍ ብቻ ጠጠሩ ውስጥ አንቀሳቀሰች። ከዚያ እናቷ መሄድ ጀመረች፤ ቀኝ እግሯ ስሚንቶ ላይ፣ ግራው ጠጠር ላይ። ኮሽ። ኮሽ። ለስላሳ ሣር የለመደ እግር እንደሚቆረቁረው ግልጽ ነው፤ እናቷ ግን ፊቷን አላጨማደደችም። ወንድሟ ሁለት እርምጃ ከኋላዋ እየተከተለ እግሯን ብቻ ያያል። ከወዲያኛው ጫፍ አትክልተኛው አካፋውን ጠጠር ክምሩ ውስጥ እየሰደደ ይዝቃል።

ከግቢው አጋማሽ አለፈች። ከጫፉ አራት እርምጃ ሲቀራት ጠጠሩ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ስንዝር ጉድጓድ ነው። እናቷ ግራ እግሯን አነሣች፣ ወደ ፊት ሰደደች፣ የጠጠሩን መጨረሻ በአውራ ጣቷ ነካች። ፀጉር ሠሪዋ ልትጮህ አፏን ከፈተች።

"የኔ ወንድም፣ ሥራችሁን ሳትጨርሱ ደረስኩባችሁ መሰል?" አለች እናቷ፣ እግሯን መለስ አድርጋ።

አትክልተኛው ዝቆ የያዘውን ጠጠር አፈሰሰው። "ትንሽ ነው የቀረን እናቴ። ወደዚህ አይርገጡ፣ ገና አልተሞላም።"

"አልረግጥም፣ አየሁት እኮ" አለች፤ አፏን ሞልታ! ቀስ ብላ ጎንበስ አለችና እጇን ወደ አበቦቹ ዘረጋች። ቅጠሉን ዳሰሰች። "ይሄ ቢጫው ደግሞ ደስ ይላል።"

ወንድሟ አንገቱን አሰገገ። "የቱ ቢጫ? ሁሉም አረንጓዴ ነው እኮ።"

ፀጉር ሠሪዋ አበቦቹን አየች። ያ አበባ ፀሐይ ሲለቀው እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ ነው፤ አትክልተኛው ትናንት ነግሯት ነበር። ጥላው ከወደቀበት ጀምሮ አንድ በአንድ ተዘግቷል። ግቢው ውስጥ አንዲት የተከፈተች አበባ የለችም።

ወንድሟ እናቷን አየ፣ እህቱን አየ።

"ጎንበስ ብለው ይዩት፣ ጌታዬ" አለ አትክልተኛው። ድምፁ ፍጹም ረጋ ያለ ነው። "ጫፉ ላይ።"

ወንድሟ መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ አደረገና ቁጢጥ አለ። የተጠቀለለችውን እንቡጥ በሁለት ጣቱ ያዘ። ጫፏ ላይ ክር የምታህል ቢጫ ወጥታለች። "አገኘሁት!" አለ። "አይ እማ! እኔ መነጽር አድርጌ በስንት መከራ ያየሁትን አንቺ ቆመሽ?" ሳቀ፤ እየሳቀ እንባው መጣ። ተነሥቶ አቅፎ ጉንጯን አገላብጦ ሳማት። "ይቅር በይኝ። እኔ እኮ ዓይንሽ የጠፋ መስሎኝ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥቻለሁ። ከወንበር የማትነሺው ለካ ቤቴ ስላልተመቸሽ ነው።"

"የሰው ቤት የሰው ነው፣ ልጄ" አለች እናቷ። እሷም ሳቀች፤ ቀኝ እጇ ግን ግድግዳውን እየፈለገ ነበር።

ፀጉር ሠሪዋ ወንድሟን እስከ መኪናው ሸኘችው። ከደስታ የተነሣ ሰውነቷ ሁሉ ቀለላት። እናቷ በቤቷ ልትኖር ነው። ማንም አይወስዳትም። ነገ ቀሪዋን አራት እርምጃ ይሞላሉ፤ ቀስ በቀስ ለእግሯ የሚመች ደቃቅ ጠጠር ይፈልጋሉ። ወንድሟ ገብቶ ሞተሩን አስነሣ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

"ሳልነግራችሁ ለማክሰኞ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ይዤላት ነበር" አለ። "አምስት ወር ወረፋ የሚጠበቅበት ነው፤ በስንት ልመና አስገቡልኝ። የብዙ ሽማግሌ ዓይን ሞራ ነው፣ ዛሬ ዛሬ ቶሎ ይሠራል፣ ብዙዎቹ ያያሉ ብሎኝ ነበር ሐኪሙ። በከንቱ ሰው አስቸገርኩ። አሁን ደውዬ ላሰርዘው፤ ለሚያስፈልገው ይስጡት።" ስልኩን አነሣ።

ያ ሁሉ ቅለት ከላይዋ ወረደ። እናቷ የምትፈራው ሁለት ነገር ነው፤ ፎቁንና ሐኪሙን። ያ ውሸት ከሁለቱም አስጥሏታል። የአክስቷ ነገር ትዝ አላት፤ ያም እውነት ነው። ማየት ሳትችል ቢጫ ቢጫ እያለች ስታጠና የሰማቻት እናቷም ትዝ አለቻት። ደግሞ ምላለች። ምን ይሻላል?

"አታሰርዘው" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ቀጠሮውን አታሰርዘው። ሞተሩን አጥፋና ውረድ።"

"ምን ሆነሻል ሚጣ? አሁን አላየናትም?"

ፀጉር ሠሪዋ ዞር አለች። እናቷ በአንድ እጇ የበሩን ብረት ይዛ ደፉ ላይ ቆማለች። ጆሮዋን አዘንብላለች። እያንሾካሾኩ መናገር ይቻል ነበር። መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ ቆሞ፣ ሁሉንም አውርቶ መመለስም ይቻል ነበር።

"እማ፣ ልነግረው ነው" አለች ጮክ ብላ። "ምዬልሻለሁ፤ አውቃለሁ። ግን አንቺ በሌለሽበት አንዴ ወስኜ ምን እንዳደረግሁ አየሽው። አልደግመውም። እዚሁ፣ እየሰማሽ ነው የምናገረው። ሐኪሙ ፊት ቀርበሽ ራስሽ ጠይቂው፤ እሺም እምቢም የምትይው አንቺ ነሽ። ከቤትሽ ግን ማንም አያወጣሽም፤ እኔ እያለሁ እሱም ቢሆን።"

"ኧረ ምንድን ነው የምትሉት?" አለ ወንድሟ።

የእናቷ ፊት ተቆጥቷል። አካፋው ግቢ ውስጥ ሥራውን አቁሟል።

"አንቺ ቀባጣሪ" አለች በመጨረሻ። ከዚያ እጇን ከብረቱ አነሣችና ወደ ፊት ዘረጋችው፤ ልጇ ከቆመችበት ትንሽ ወደ ግራ፣ ማንም ወደሌለበት። "ነይ እንግዲህ፣ እጄን ያዢኝ።"

ወንድሟ የተዘረጋውን እጅ አየ፤ እህቱ የቆመችበትንም አየ። ሞተሩን አጠፋና ወረደ።